ነርሶችም ፊልም ያያሉ

አባቴ ቶሮንቶ ውስጥ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ኖረው እንግሊዝኛ ሳይለምዱ የቀሩት በእኔ ጥፋት ነው። ሁልጊዜ አጠገባቸው አለሁ። ሐኪም ቤት ስንሄድ ሐኪሙ ለእኔ ይናገራል፣ እኔ ደግሞ የሚስማማቸውን መርጬ እነግራቸዋለሁ። ሐኪሙ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ጨው ካልተዉ ልባቸው እንደማይችለው ሲያስጠነቅቅ፣ እኔ «ጨው ትንሽ ቀነስ ያድርጉ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው ብሏል» እላለሁ። ኢስት ዮርክ የሚኖሩበት የአረጋውያን ሕንጻ አስተዳዳሪ፣ በረንዳ ላይ በርበሬ ማስጣት ክልክል መሆኑን ለሦስተኛ ጊዜ ሊነግራቸው የመጣ ቀን «በርበሬዎ አምሯል፣ ግን ወፍ እንዳይጨርስብዎ ቢያስገቡት ይሻላል አለ» አልኳቸው። አባቴ አመስግነውት በርበሬውን አስገቡ። ሰውየው በእኔ ትርጉም የተነሳ አባቴ ዘንድ እንደተወደደ አለ።

ይህን ውሸት ብዬ ቆጥሬው አላውቅም ነበር። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ እንደመጣ አይነገርም። ውጭ አገር ያለ ሰው እናቱ ብትሞትበት እንኳ ዘመድ ወዳጅ ይመካከራል፣ ቀን ይመረጣል፣ እስከዚያው «ትንሽ አሟት ነው» ይባላል። ጨዋ የሚባለው ቶሎ የተናገረው ሳይሆን ደብቆ የቆየው ነው። እንዲህ ሲደረግ እያየ ያደገ ሰው የሐኪምን ቃል ትንሽ ቢያለሰልስ ምን ይገርማል? ደግሞ እኔ ባስ ነጂ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ የማያውቀኝ ሰው ሁሉ ሲቆጣኝ ነው የምውለው። ከሥራ ስወጣ አባቴን የሚያስከፋ ነገር ከአፌ እንዲወጣ አልፈልግም።

አንዲት ልጅ አለችኝ። ለብቻዬ ነው ያሳደግኳት ማለት ይቀናኛል እንጂ፣ እኔ የጠዋት ሺፍት ስገባ ጃኬቷን አልብሰው፣ እጇን ይዘው ትምህርት ቤት የሚያደርሷት አባቴ ነበሩ። እሷም እንደ እኔ «አባባ» ትላቸዋለች። አማርኛዋ የጓዳ አማርኛ ነው። ብላ፣ ጠጣ፣ ና፣ ደክሞኛል፣ እዚህ ላይ ያበቃል። አሁን ሰማንያ ስምንት ዓመት የሞላቸውን ሽማግሌ «አንተ» እያለች ነው ያደገችው፣ እሳቸውም ከሌላ ሰው ቢሰሙት የሚቆጡበትን ከእሷ ሲሰሙ ይስቃሉ። ከዚህ ጠለቅ ያለ ነገር ካለ ግን በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው።

ነርሲንግ የገባች ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ያልሰማ ሰው አልቀረም። አባቴ ቄሱ መስቀል ሲያሳልሟቸው ሳይቀር ነግረዋቸዋል። ከፋርማሲም የደም ግፊት መለኪያ ገዙ። ቁጥሩን ራሱ የሚያወጣውን አልፈለጉም። እንድትማርበት ብለው ሐኪሞች ጆሯቸው ላይ ሰክተው የሚያዳምጡበትን ዓይነት ነው የገዙት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ክንዳቸውን ጠረጴዛ ላይ ያኖራሉ፤ እሷ ትለካለች፣ ቁጥሩን በእንግሊዝኛ ለእኔ ትነግረኛለች፣ እኔ «ደህና ነው» እላለሁ። አንዳንዴ ደህና ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ «ማሚ፣ ፕሮግራም ስዊች አደረግኩ» አለችኝ። ወደ ምን ብዬ ጠየቅኳት። ወደ ፊልም። ፊልም መሥራት እንኳ አይደለም። ሌሎች ሰዎች እሷ ሳትወለድ የሠሩትን ፊልም ማየትና ስለ እሱ መጻፍ ነው። ይህንን ሰው ቤቱ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ያደርገዋል አልኳት። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ። ከዚያ ሳስበው፣ ነርሲንግ ስትማር ፊቷ ገርጥቶ እንደነበረ፣ አሁን ግን ስለ አንድ የድሮ ፊልም ስታወራ እራት እንደሚበርድባት አስተዋልኩ። ኩርፊያዬም ወጣልኝ።

«ለአባባ ግን እንዳትነግሪ» አልኳት።

«መቼ ነው የምነግረው?»

«ከጾም በኋላ።»

የነቢያት ጾም ሊገባ ነበር። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ እንደገና ጠየቀችኝ። አሁን ደግሞ ሁዳዴ ደረሰ አልኳት። «ማሚ፣ ጾሙ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለች። የእኛ ጾም አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ ለሚደብቅ ሰው የተመቸ ነው።

እሑድ እሑድ መምጣቷን አልተወችም ነበር። ዌስተን ካለው የኪራይ ክፍሏ ከተማውን አቋርጣ ትመጣለች፣ አባቴ በሩን ከፍተው «ዶክተሯ መጣች» ይላሉ፣ እሷ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ መለኪያውን ታወጣለች። አንድ እሑድ ከቤታቸው ስንወጣ ሊፍት ውስጥ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ቀረች። በሚቀጥለውም ቀረች። አባቴ እጅጌያቸውን እንደጠቀለሉ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። «ፈተና አለባት» አልኳቸው። እጅጌያቸውን ራሳቸው መልሰው ቆለፉ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ላለማስከፋት ብዬ ሁለቱንም ላጣቸው ነው ብዬ አሰብኩ፣ ግን አሁንም አፌን አልከፈትኩም።

ሁዳዴ ገብቶ ሦስተኛው ሳምንት ላይ አባቴ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበር። «ልጄ ደወለችልኝ፤ የጃፓን ፊልም ልታሳየኝ ነው። እሷም ሰው ፊት ትናገራለች። ጃፓንን እኮ አውቀዋለሁ» አሉ። እውነታቸውን ነው። በወጣትነታቸው ክብር ዘበኛ ነበሩ። የኮሪያ ጦርነት ካበቃ በኋላ ለጥበቃ ከሄዱት ወታደሮች ጋር ሄደው፣ ለእረፍት ጃፓን ይወሰዱ ነበር። ከዚያ ዘመን የነገሩን ሁለት ነገር ብቻ ነው። ባቡሩ ሰዓት ያከብራል፣ ሾርባው ውስጥ ዓሣው ከነዓይኑ ይመጣል። ሌላውን አላነሱም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

«ግን ነርሶች ፊልም ይማራሉ እንዴ?» አሉኝ።

«ነርሶችም ፊልም ያያሉ» አልኩ። ከዚህ የተሻለ ውሸት ማሰብ ነበረብኝ።

ስልኩን እንደዘጋሁ ልጄ ጋ ደወልኩ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የድሮ ፊልም ለሕዝብ የሚታይበት ቀን እንዳለ፣ የዚህን ፊልም መግቢያ እሷ እንደምትናገር ነገረችኝ። «አባባን ልነግረው ነው። ሁሉም ሰው ፊት ከተናገርኩ ወደ ኋላ አልልም። አንቺ ትራንስሌት ታደርጊያለሽ» አለች። «ትክክለኛውን ግን፣ ፕሊዝ» ብላ ጨመረች። እሺ አልኳት። እሺ ማለት አይከብደኝም፣ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። አባቴ ሱፋቸውን ከነከረባታቸው ለብሰው፣ ጫማቸውን ቦርሸው ጠበቁኝ። በሰብዌይ ሄድን። አዳራሹ ትንሽ ነው፣ አብዛኛው ሰው ተማሪ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ልጄ ወረቀት ይዛ ፊት ለፊት ወጣች።

መጀመሪያ ስለ ፊልሙ ተናገረች። ጃፓን በጦርነቱ ከተሸነፈች አሥር ዓመት ያህል በኋላ የተሠራ ነው፤ ሥራ የማይወዱ፣ አባት የማይሰሙ፣ ሲጨፍሩና ሲደባደቡ የሚውሉ ወጣቶችን ያሳያል፤ ጋዜጦች ትውልድ አበላሸ ብለው ጮኹበት፤ መምህራንና እናቶች ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆመው ይታገድልን አሉ፤ ወጣቱ ግን እነሱን አልፎ ለመግባት ይሰለፍ ነበር። እስከዚህ ድረስ አባቴ ጆሮ ላይ ቃል በቃል አንሾካሾክኩ። እስከዚህ አላበላሸሁም።

ከዚያ ወረቀቱን አጠፈችው። «ይህን ፊልም የመረጥኩት እኔ ፈሪ ስለሆንኩ ነው» አለች። «አያቴ ትምህርት ቤት እጄን ይዞ ሲያደርሰኝ ነው ያደግኩት፤ ነርስ ትሆናለች ብሎ ለሰው ሁሉ ተናግሯል፤ እኔ ግን ጥቅምት ላይ ትቼዋለሁ፤ ዓይኑን ማየት ስላቃተኝ ቤቱ መሄድ አቆምኩ፤ ዛሬ እዚህ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው፣ እናቴ እየተረጎመችለት ነው፣ አሁን ምን እያለችው እንደሆነ ግን አላውቅም» አለች። ሰው ሳቀ። ከፊታችን ያሉት ሁሉ ዞረው አዩን።

አባቴ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ምን አለች?»

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ፊታቸውን አየሁት፣ ኩራት ሞልቶታል። «የመጣችሁትን ሁሉ አመሰግናለሁ እያለች ነው» አልኳቸው።

አባቴ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ለሰዉም ለእሷም እጅ ነሱ። ሰው አጨበጨበ። ልጄ ሰምተው የተቀበሏት መሰላት። እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ፊቷ በራ፣ ለወራት ያላየሁት ፊቷ ተመለሰ። ብዙ ስሕተት ሠርቻለሁ፣ እስከ ዛሬ የሚያመኝ ግን ያ ነው።

መብራቱ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት በጭንቀት ነው ያሳለፍኩት። ፊልሙ ሲያልቅ ልጄ ወደ እኛ ትመጣለች፣ ይቅር ያሏት መስሏት ታቅፋቸዋለች፣ እሳቸው ምንም አያውቁም።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ንግግሩ ከሥር በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ እኔ እያነበብኩ እነግራቸዋለሁ። የፀጉር አስተካካይ ልጅ አለ፣ አባቱ ሱቁን ሊያወርሰው ይፈልጋል፣ ልጁ ግን ፀጉሩን እንኳ ለአባቱ መቀስ አይሰጥም፣ ከጓደኞቹ ጋር ወደብ ላይ በሞተር ሳይክል ይዞራል። አንድ ቦታ ላይ ከአንዲት ልጅ ጋር ከዓሣ መጋዘን ጀርባ ቆሙ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አሉ አባቴ።

«እያወሩ ነው።»

«እንዲህ ተጠጋግተው?» አሉና ቆይተው «በሁዳዴ ይህን ልታሳዪኝ አመጣሽኝ» አሉ። ዓይናቸውን ግን አልነቀሉም።

ኋላ ልጁ ሰክሮ ሱቁ ገባና የአባቱን ትልቅ መስታወት በወንበር ሰበረው። አባትየው ጮኸበት። «ተው ልጄ እያለው ነው» አልኩ።

«ባካ ነው ያለው» አሉ አባቴ። «ጅል ማለት ነው። ጃፓን ስንገባ ከስድብ መጀመሪያ የለመድነው እሱን ነበር።»

ዞሬ አየኋቸው። እሳቸው ወደ ፊት እንዳዩ «ልጁስ ምን ብሎ መለሰ?» አሉ። ልጁ «ያንተ ወንበር አጠገብ ቆሜ ከማረጅ በረሃብ ብሞት ይሻለኛል» ነበር ያለው። «ትንሽ ቆይቼ እመለሳለሁ አለ» አልኳቸው።

«እንዲህ እየጮኸ?» አሉ።

ፊልሙ ውስጥ አባትየው ጎንበስ ብሎ የመስታወቱን ስብርባሪ መጥረግ ጀመረ። አባቴ እጃቸውን እጄ ላይ አኖሩ። «ቅድም ሰዉ ዞሮ ያየን ምን ስትል ነው? ሰው አመሰግናለሁ ስለተባለ ዞሮ አያይም» አሉ። ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተከልኩ። ዳግመኛ አልጠየቁኝም፣ እጃቸውንም አላነሱም፣ እንዲሁ ሆነን ፊልሙ አለቀ።

መብራት በራ፣ ሰው ተነሳ። ልጄን አስተማሪዋና ጓደኞቿ ከበቧት። እኛ ከወንበራችን አልተንቀሳቀስንም።

«ነርስነቱን ትታዋለች?» አሉ።

«አዎ።»

«መቼ?»

«ጥቅምት።»

«ሁለት እሑድ የቀረችው ለዚህ ነው?»

«አዎ፣ አባባ። እንዳትነግርዎት የከለከልኳት እኔ ነኝ።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ባዶውን ስክሪን እያዩ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ነገሩኝ። አባታቸው ቄስ እንዲሆኑ ይፈልጉ ነበር። ዳዊት ደግመው ጨርሰው፣ ድቁና ሊቀበሉ ሲሉ ጠፍተው ወታደር ቤት ገቡ። ኮሪያ ሳሉ አንድ ደብዳቤ ከአገር ቤት ደረሳቸው። አባታቸው መጻፍ ስለማይችሉ የጻፉት የደብሩ መሪጌታ ናቸው። ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ከዚህ ሌላ የለበትም። አባቴ ይህን ደረቅ ሰላምታ ሲያነቡ «አባቴ ረግሞኛል» ብለው ቆረጡ፣ መልስም አልጻፉም። ሲመለሱ አባታቸውን ተቀብረው አገኟቸው።

«መሪጌታው ለቅሶ ሊደርሱኝ መጡ» አሉ። «አባትህ ሲያስጽፈኝ ‹ታምሜያለሁ፣ ተቀይሜው ነበር አሁን ግን ትቼዋለሁ፣ ሳልሞት ቃሉን ይላክልኝ› ብሎኝ ነበር፤ በሰው አገር ምን አስጨንቀዋለሁ ብዬ ተውኩት አሉኝ። ለደግ ብለው ነው። እጃቸውን ስሜ ሸኘኋቸው።» ወደ እኔ ዞረው «አንቺም መሪጌታ ሆንሽብኝ» አሉ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሳልሰናበታቸው ወደ ሱዳን ስወጣ ይህን ሁሉ በሆዳቸው ይዘው ኖሯል። አለቀስኩ። መሐረባቸውን አውጥተው ሰጡኝ። ሌላ ሰው ሲያለቅስ ማየት አይወዱም።

ያን ጊዜ ልጄ እየሮጠች መጥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። «ታንክ ዩ፣ አባባ» ትላለች። አባቴ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉና ቀስ ብለው አላቀቋት። «የምነግራት አለ። ሳትቀንሺ ንገሪልኝ» አሉኝ።

«ቅድም የተናገርሽውን አልሰማሁም። እናትሽ አልነገረችኝም።»

የራሴን ክስ በራሴ አፍ ተረጎምኩ። ልጄ እኔን አየችኝ። እጅ ሲነሷት የበራው ፊቷ ዓይኔ እያየ ጠፋ።

«አሁን ሰምቻለሁ። ቅር ብሎኛል።»

እዚህ ላይ ቆምኩ። ትንሽ አሳስቦኛል ልበል ብዬ አሰብኩ፣ አፌም ተዘጋጅቶ ነበር። አባቴ ጠበቁኝ። «በይ» አሉ። አልኩት። ቅር እንዳላቸው ነገርኳት።

«ነርስ ብትሆኚ ደስ ይለኝ ነበር። ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አፍራለሁ። ግን ልጄ ነሽ፣ አልተቀየምኩሽም። ይህን እኔው ፊትሽ ቆሜ ስናገር ስሚው፣ ኋላ ደግሞ ረግሞኝ ይሆን እያልሽ እንዳትኖሪ።»

ሁሉንም አልኩት። ልጄ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ለእኔ ምንም አላለችኝም፣ ለብዙ ቀንም በደንብ አላናገረችኝም፣ እውነት አላት። ለእሳቸው ግን በጓዳ አማርኛዋ «እሑድ ልምጣ?» አለቻቸው።

«ታዲያ ማን ሊለካኝ ነው?» አሉ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ መልስ አባቴ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በሩን ሲከፍቱላት ዶክተሯ አላሉም፣ «ልጄ መጣች» ነው ያሉት። እሷ ጨርቁን ክንዳቸው ላይ ጠቀለለች፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰካች፣ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ቁጥሩን በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። ሁለቱም ዞረው እኔን ያዩኛል።

«ከፍ ብሏል፣ አባባ» አልኩ። «ከዚህ በፊትም ከፍ ብሎ ያውቃል፣ አልነገርኩዎትም። ሐኪሙም ጨው ካልተዉ ልብዎ አይችለውም ነበር ያለው።»

አባቴ እጅጌያቸውን አወረዱና አንድ በአንድ ቆለፉት። አልተከፉም። ጨው ዕቃውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ለልጄ ሰጧት፣ እሷም ወስዳ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና በረንዳው ላይ እንደገና የተሰጣውን በርበሬ በመስኮቱ አዩት።

«ያ የሕንጻው ሰውዬ» አሉኝ፣ «ስለ በርበሬዬ ምን ነበር ያለው?»

ነገርኳቸው።